ጾም፣ ተዝካርና የቤት ሰው፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ወገኖቼ እንዴት ከረማችሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል እያነበብኩ ነበር፣ አንዳንዱን ሁለቴ ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ አንዱ ላይማ አልቅሻለሁ። ሁሉንም ዛሬ መመለስ አልችልም ሰባቱን ይዣለሁ። ጥያቄው ስለ ጾም ይጀምርና መጨረሻው እናት ጋ ነው፣ ስለ ሃይማኖት ይጀምርና መጨረሻው እህት ጋ ነው፣ ስለዚ እኔም ስመልስ ዞሬ ዞሬ እቤት ውስጥ ያለው ሰው ጋ ነው የምመጣው። ስም አላወጣሁም፣ ሰው እንዳይለያችሁም ነገሩን አሳጥሬዋለሁ። የነገረ መለኮት ተማሪ አይደለሁም፣ ሦስት ልጅ አሳድጌ አባቴንም እናቴንም አስታምሜ የቀበርኩ ሴት ነኝ፣ የቄስ የሆነውን ወደ ቄስ የሐኪም የሆነውን ወደ ሐኪም እልካለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው ስኳር አለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለፈው ሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ብላ ቤተክርስቲያን ውስጥ ላብ በላብ ሆና እየተንቀጠቀጠች ወደቀች። አሁን ደግሞ የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው እና ከወዲሁ ጨንቆኛል። ስነግራት «አንቺ ሃይማኖትሽን ረስተሻል» ነው መልሷ።

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ አስቸኳዩን ልንገርሽ። ላቡ መንቀጥቀጡ መውደቁ ስኳሯ ስለወረደ ይመስላል። ኢንሱሊን አንዴ ከተወጋ በኋላ ምግብ መጣም አልመጣ ሥራውን ይሠራል፣ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርደዋል፣ ሆድ ባዶ ከሆነ ደግሞ የሚተካው የለም። ስለዚ የትም ስትሄድ ቦርሳዋ ውስጥ ስኳር ይኑር፣ እንደዛ ሲያደርጋት ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጧት፣ በ15 ደቂቃ ካልተሻላት ድገሙላት። ራሷን ከሳተች ግን ምንም ነገር በአፏ እንዳታፈሱ ያንቃታል፣ በጎኗ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ይሄንን አብረዋት ለሚያስቀድሱት ሴቶችም ንገሪያቸው ምክንያቱም ያኔ አጠገቧ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ኢንሱሊኑንም በራሷ ፈቃድ እንዳትቀንሰው፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሟ ጋ ሂዳችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ጾሙ ስንመጣ። ቤተክርስቲያናችን በሽተኛን ጹም ብላ አታስገድድም፣ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ቦታ ትቶለታል። ግን ይሄን አንቺ ብትነግሪያት አይሰራም፣ ልጅ ነሻ። የንስሐ አባቷ ጋ ቀድመሽ ብቻሽን ሂጂ፣ ኢንሱሊን ምን እንደሆነ እንዴት እንደወደቀች አስረጂያቸው፣ ብዙ አባቶች እኮ «ስኳር አለብኝ» ሲባሉ መርፌውን አያስቡትም። ከዛ በራሳቸው አንደበት ይንገሯት። አንድ ሌላ ነገር፣ ሰዓቱን መተውና ፍስክ መብላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠዋት መርፌዋን ተወግታ ሽሮና ጎመን ብትበላ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልነካችም፣ ሰዓቱን ብቻ ነው የተወችው። ብዙ እናቶች ይሄን ልዩነት ሲሰሙ ትልቅ ሸክም ነው የሚወርድላቸው።

የኔም እናት እንደዛ ነበረች። ሐኪሙ ብይ ሲላት እቤት መጥታ አለቀሰች፣ እኔ መጀመሪያ ግትርነት መስሎኝ ተናድጄባት ነበር፣ በኋላ አንድ ማታ እግሯን እያጠብኳት «ከልጅነቴ ጀምሮ ለእግዜር ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፣ አሁን ባዶ እጄን ልሄድ ነው?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ገንዘብ ኖሯት አያውቅ፣ ትምህርት የላት፣ በራሷ እጅ ያለ የሷ የሆነ ነገር ጾሙ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኛ መጥተን ልንቀማት ነው። ሞት እየቀረበ ነው ብላ ለምታስብ ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እና የንስሐ አባቷ ምን አሏት፣ በጾሙ ቀን ሁሉ ጠዋት ከምትበይው ላይ ቀንሰሽ ለአንድ ለተራበ ሰው ላኪ፣ ውዳሴ ማርያምሽን ደግሞ በሰፈር ለተኙ በሽተኞች ብለሽ ድገሚ። እስክትሞት ድረስ እንደዛ ስታደርግ ኖረች፣ ከጎረቤት የምትኖር አንዲት ሚስኪን ሴትዮ የእናቴን ሳህን እየጠበቀች ነበር የምትውለው። እናትሽን አትከልክያት፣ የምትሰጠው ሌላ ነገር ፈልጉላት።

ደግሞ ሳልረሳው፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጸበል ስለጀመሩ መድኃኒት ያቋረጡ ዘመዶች እንዳሏቸው ጽፈውልኛል። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩ ጊዜ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ እንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቆሙ በግልጽ ተናግረዋል፣ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው አይጣሉም ብለው። ያንን ለዘመዶቻችሁ ንገሯቸው፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ 25 ቀን ሆነው፣ 40ው እየደረሰ ነው። አራት ልጆች ነን ሁለታችን ሥራ የለንም። ዘመድ ሁሉ ሁለት በሬ ጣሉ ድንኳን ትከሉ እያለን ነው፣ አጎታችንማ «ወንድሜን አራግፋችሁ ልትጥሉት ነው» ብሎ ሰው ፊት ሰደበን። ብድር እናገኛለን ግን መክፈያው ጨንቆናል፣ ምን ትመክሪናለሽ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ የአባታችሁን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። እንዳትበደሩ። ይሄን በግልጽ ነው የምላችሁ።

ቤተክርስቲያን ለሞተ ሰው በ3ኛው በ7ኛው በ12ኛው በ30ኛው በ40ኛው በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመቱ ትጸልያለች፣ 40ው በኛ አገር ትልቁ ሆኖ ቀረ እንጂ። በዛ ቀን ዋናው ጸሎተ ፍትሐቱና ቅዳሴው ነው፣ ከዛ በሟች ስም ለድሃ መስጠት ነው። በሬ ግዴታ ነው ያለ ቀኖና የለም። ድንኳኑ ሥጋው ጠላው የኛ ባህል ነው፣ ባህሉን አልጠላውም ሰው ተሰብስቦ ሀዘንተኛን ማጽናናቱ ደስ ይለኛል፣ ግን ድሮ ገጠር እያለን ለተዝካር ብለው የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ክረምቱን የሰው በሬ ሲለምኑ የከረሙ ሰዎች አይቻለሁ፣ ልጆቻቸው የዛን ዓመት እንዴት እንደኖሩም አይቻለሁ። አባታችሁ ይሄን የሚፈልግላችሁ አይመስለኝም።

እንዲ አድርጉ፣ ከአጥቢያችሁ ካህናት ጋ ሄዳችሁ አቅማችሁን ሳትደብቁ ንገሯቸው፣ በዕለቱ ፍትሐቱ ይደረግ፣ ከዛ እዛው ቤተክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ዳቦና ወጥ አብሉ። ለዘመድ ደግሞ እቤት ንፍሮና ቡና ይበቃል። ዕድራችሁ ውስጥ ዕቃና ድንኳን ካለ ተጠቀሙበት እሱ መብታችሁ ነው ስንት ዓመት ከፍላችኋል። አራታችሁም አንድ ቃል ሁናችሁ ነው ማድረግ ያለባችሁ፣ አንዳችሁ «እኔ እበደራለሁ» ካለ ነገሩ እዛ ላይ ይፈርሳል፣ ሀሜቱም ለሌሎቹ ይተርፋል።

አጎታችሁን በተመለከተ ግን ቀስ በሉ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ ወንድሙ ነው የሞተው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሚያለቅስበት ቦታ የለውም ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው። ትልቁ ልጅ አንድ የሚያከብረው ሽማግሌ ይዞ ቤቱ ይሂድ፣ ስለ በሬ ሳታነሱ ስለ አባታችሁ ልጅነት ጠይቁት፣ አብረው ከብት ሲጠብቁ እንዴት ነበሩ በሉት። ሲያወራ ሲያወራ ይበርድለታል። ከዛ «ጋሼ በዕለቱ ነዳያኑን የምታበላልን አንተ ነህ፣ እጅህ ይሁን» በሉት። የተሰደባችሁትን ስድብ አታንሱበት፣ እሱ ራሱ ያስታውሰዋል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ቅዳሴ ላይ ስልኩን ነው የሚነካካው፣ «የሚሉት አይገባኝም» ይለኛል። ልምታው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አትምታው። እውነቱን እኮ ነው የነገረህ፣ ግዕዝ አይሰማም፣ ሁለት ሦስት ሰዓት በማይገባው ቋንቋ ቁም ብትለው አንተም ብትሆን ይደክምሃል። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ የቅዳሴ መጽሐፍ አለ፣ በየመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫው ታገኘዋለህ፣ ገዝተህ አብራችሁ ያዙ፣ ዲያቆኑ ተንሥኡ ሲል የቱ ጋ እንደደረሳችሁ ጣትህን አድርገህ አሳየው። ስልኩ እቤት ይቅር የሱም ያንተም። የሱ ብቻ ከቀረ አይሆንም ወንድሜ፣ ልጆች የሚያዩት ያንተን እጅ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት ጴንጤ ሆነች። እናታችን እስካሁን አታናግራትም፣ ባለፈው የገና ዕለት ስጦታ ይዛ መጥታ እናቴ በሩን ሳትከፍትላት ተመለሰች። እኔ መሀል ላይ ነኝ፣ አንዷ አንዷን ስትሰድብ የምሰማው እኔ ነኝ ደክሞኛል። ወንድ ነኝ 31 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ ያለቀስኩት ያንተ ላይ ነው ወንድሜ። ያ በር ትዝ ሲለኝ ውስጤ ይላወሳል፣ ከውጭ የቆመችውም ከውስጥ የቆመችውም አሳዝነውኛል።

እናትህ ለምን እንደዚህ እንደሆነች መጀመሪያ እንረዳላት። ሰዎች «ወግ አጥባቂ ናት» ብለው ያልፋሉ እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማየው፣ እናትህ ልጇን በምድር ብቻ ሳይሆን በሰማይም ያጣች ነው የሚመስላት። በ80 ቀኗ አቅፋ አስጠምቃታለች፣ ማተብ አስራላታለች፣ ያ ማተብ ሲበጠስ የሷ እጅ የተቆረጠ ያህል ነው የተሰማት። እህትህ ደግሞ በተቃራኒው ሕይወቴ ተቀየረ ብላ ደስ ብሏት ነው እናቷ ጋ የመጣችው፣ የምትወደውን ሰው ደስታዋን ልታካፍል መጥታ በር ተዘጋባት። ሁለቱም ስለሚዋደዱ ነው የተጎዱት። ስለዚ በጥቅስ መከራከር እዚህ ቤት ውስጥ ምንም አይሰራም፣ እናትህ በጥቅስ ብትረታ እንኳን ሕመሟ አይለቃትም።

ወሎ ሄደህ ታውቃለህ? እዛ አባት ሙስሊም ልጅ ክርስቲያን፣ ወይ እህት ሙስሊም ወንድም ክርስቲያን የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለም። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ቡናው ግን አንድ ላይ ይጠጣል፣ ሲሞቱም ይላቀሳሉ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ ከደሴ የመጣች፣ ክርስቲያን እናቷን ለዓመታት ስትጦር ነው የኖረችው። አንድ ቀን ብጠይቃት ቁርአን ውስጥ ሉቅማን የሚባለው ምዕራፍ ላይ ወላጆችህ ከእምነትህ ውጣ ብለው ቢያስገድዱህ አትታዘዛቸው፣ በዚች ዓለም ግን በመልካም ኑራቸው ይላል አለችኝ። በኛም በኩል የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባትየው ገና ከሩቅ አይቶት ሮጦ ነው አንገቱ ላይ የተጠመጠመው፣ ምን ስትሠራ ነበር ብሎ መጀመሪያ አልጠየቀውም። እናትህ ይሄን ታሪክ ከኔ በላይ ታውቀዋለች፣ ዓመት ዓመት ስትሰማው ነው የኖረችው፣ አንተ አትስበክላት።

አንተ ምን ታድርግ። አንደኛ ከዛሬ ጀምሮ ወሬ አታመላልስ። እናትህ ያለችውን ለእህትህ፣ እህትህ ያለችውን ለእናትህ አትንገር፣ «እማ እሷን ስትሰድቢያት እኔ ነኝ የማመው» በልና ዝም በል። መሀል ያለ ሰው ሳያስበው እሳት አመላላሽ ይሆናል፣ አንተ እንደሆንክ አላውቅም ግን ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። እህትህን ደግሞ ለብቻዋ ይዘህ ጠንከር ብለህ ንገራት፣ እናቷ ጋ ስትመጣ ስለ ሥዕል ስለ ታቦት ስለ ጾም አንድ ቃል እንዳትናገር፣ በጾም ቀን ከመጣች የቀረበላትን የጾም ምግብ አመስግና ትብላ፣ በርግጥ በሩ ከተከፈተ ነው። እንዲከፈት ደግሞ በበዓል ቀን አትሞክሩ። በበዓል ቀን እናትህ ያጣችው ነገር ሁሉ ነው ፊቷ የሚመጣው፣ ጎረቤትም ያያል። ተራ ቀን ይሁን፣ ለምሳሌ የታመመች አክስት ካለቻችሁ እዛ ይገናኙ፣ ሁለቱም አልጋ አጠገብ ሲቀመጡ የሚያወሩት ስለ አክስታችሁ ነው። የኔ ሁለት የቅርብ ዘመዶች ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ የታረቁት እንደዛ ነው፣ አንደኛዋ «ትራሱን ከፍ አድርጊላት» ብላ ጀመረች፣ በቃ ከዛ ወዲህ ይነጋገራሉ። ስለ ሃይማኖት እስከዛሬ አልተስማሙም።

ጥያቄ፦ መንታ ወልጄ 5 ወሬ ነው። ድሮ ጠዋት ተነስቼ ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም ነበር፣ አሁን አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ እንቅልፍ ይወስደኛል። እግዚአብሔር የተቀየመኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እናት። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ከዛፍ ሥር ተኝቶ በቃኝ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ በለመነ ጊዜ መልአኩ መጥቶ ለምን አልጸለይክም አላለውም፣ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ በላ ጠጣ ተመልሶ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰው ደግሞ ብላ አለው። አንቺም ብይ ተኚ። ሌሊት ስታጠቢ የሁለቱንም ስም ጠርተሽ ጠብቅልኝ በይ፣ እሱ ጸሎት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሲተኙልሽም እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ለልጆቹ ፍቅር አጣሁ ወይ ራሴን ልጉዳ የሚል ሀሳብ ይመጣብሻል? ይሄ ከወሊድ በኋላ በብዙ ሴቶች ላይ የሚመጣ ሕመም ነው ይታከማል፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ለባልሽም ዛሬ ማታ ንገሪው። የእምነት ማነስ አይደለም ማርያምን።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዳነልኝ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄጄ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄ ዳነ፣ እኔ ግን እግሬን ታምሜ መሄድ አልቻልኩም። 71 ዓመቴ ነው። ገብርኤል ይቆጣኝ ይሆን?

መልስ፦ እማማ እንኳን ልጅዎ ዳነልዎ። ስለቱን በሰው መላክ ይችላሉ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ጃንጥላውን ይስደዱት፣ ቢችል ያው የዳነው ልጅዎ ራሱ ይዞት ቢሄድ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል። የዘንድሮው ካልሞላልዎ ሐምሌ 19ም አለ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፣ እሳቸው ያሉዎትን ያድርጉ፣ ከዛ በኋላ አይጨነቁ። እግርዎንም ይታዩት እባክዎ፣ ዕድሜ ነው ብለው ዝም አይበሉት።

ጥያቄ፦ ቤሩት 9 ዓመቴ ነው በሰው ቤት እየሠራሁ። በየወሩ እልካለሁ፣ የምልከው ወንድሜ እጅ ነው የሚገባው። ቤት እየሠራሁልሽ ነው ይለኛል ፎቶ ላክ ስለው ይቆጣል። እናቴ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ ብር ነው። ዘንድሮ እምቢ ልል ፈለግኩና ፈራሁ፣ እናትና አባትህን አክብር ይላል አይደል፣ ብትረግመኝስ?

መልስ፦ የኔ ቆንጆ ዘጠኝ ዓመት። ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አዝለሽ የሰው ቤት ጠርገሽ። እግዚአብሔር ድካምሽን ይቁጠርልሽ።

እርግማኑን እናስቀድም ምክንያቱም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው። እናትሽ ልትረግምሽ የምትችለው ብትክጃት ነው፣ አንቺ ደግሞ እየካድሻት አይደለም፣ ብሩ የሚሄድበትን ማወቅ ነው የፈለግሽው። ማክበር ማለት የጠየቁሽን ሁሉ ማፍሰስ አይደለም። ያ ትእዛዝ ኤፌሶን 6 ላይ ሲደገም ልጆች ሆይ ታዘዙ ብሎ ብቻ አላቆመም፣ ወዲያው ቀጥሎ አባቶች ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል። ሁለቱም ወገን ላይ ቃል አለ። ይሄኛው ግማሹ ሲሰበክ ብዙም አልሰማም፣ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሥራው። በስምሽ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፣ ያገራችን ባንኮች ውጭ ላለ ዜጋ ሒሳብ ይከፍታሉ፣ የትኞቹን ሰነዶች እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቂ። ለእናትሽ በወር የሚበቃትን ቁርጥ አድርገሽ በሷ ስም ቀጥታ ላኪላት፣ በወንድምሽ በኩል አይደለም። የቀረው ያንቺ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ስለ ቤቱ ወንድምሽን ሳትጣዪ ሁለት ነገር ጠይቂው፣ ቦታው በማን ስም ነው፣ ካርታው ወይ ውሉ የት አለ። ፎቶማ የማንንም ቤት አንስቶ ሊልክልሽ ይችላል፣ ወሳኙ ወረቀቱ ነው። ውክልና ሰጥተሽው ከሆነ ምን ምን እንደሚያስችለው አስነብቢ፣ መሸጥ መለወጥ የሚል ካለበት ውክልናውን ማንሳት ትችያለሽ፣ እዛ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጋ ስለ ውክልና ጉዳይ ጠይቂ። እህት ወይ የምታምኛት ጓደኛ ካለችሽ በአካል ሄዳ ታይልሽ። ወንድምሽ ንጹሕ ከሆነ በዚህ አይከፋም፣ ቢከፋም ያልፍለታል።

እናትሽን ግን ከዚህ ለይተሽ እያት። እኔ የማውቃቸው ብዙ እናቶች ስልክ ላይ ከልጃቸው ጋ ማውራት አይችሉም፣ ያ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ይደነግጣሉ፣ ካርዱ እያለቀ ነው ብለው ይቸኩላሉ፣ እና ጎን ያለው ሰው ሹክ ያላቸውን ይናገራሉ። ስለ ብር የሚያስወራት ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ብር ከላክሽ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወንድምሽ በሌለበት ሰዓት ደውዪላት፣ ስለ ብር ምንም አታንሺ፣ «እማ ዛሬ መርቂኝ ብዬ ነው የደወልኩት» በያት። መጀመሪያ ዝም ትል ይሆናል አትቸኩዪ፣ ስልኩን አትዝጊ። ስትመርቅሽ አሜን እያልሽ እስከ መጨረሻው ስሚያት። ከዛ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።